ሻምበል አበበ ቢቂላና የሩጫ ጓደኞቹ

ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይላሉ አበው። ተረቱ የሚነገረው ከሌላው ጋር ሳይወዳደር አሸናፊ ነኝ በሚል ሰው ላይ ነው። ይህንን ተረት ለዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት መነሻ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሐርጌሳ የተወለዱና ያደጉ ልጆቻችን ስለ አበበ ቢቂላ ሲጠየቁ የሚመልሱት ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በባዶ እግሩ ሮጦ ሮም ላይ አሸነፈ ይላሉ። እውነት ነው፣ ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያልቅም። አበበ ወደ ባሕር ማዶ በሄደባቸው ታላላቅ ውድድሮች አብረውት የተጓዙ፣ አብረውት ብርድና ሙቀት የቀመሱ፣ እሱ ሲደክም ቦታውን የተረከቡ ጓደኞች ነበሩት። ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው ደግሞ ይህኛው የታሪኩ ክፍል ከሜዳሊያው ያላነሰ ትምህርት ይሰጣል ብለን እናምናለን።

አበበ ቢቂላ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1932) በሸዋ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ በምትገኘው ጃቶ መንደር ነው። በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ማራቶን ይካሄድ ነበር። አባቱ አቶ ቢቂላ ደምሴ፣ እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። እንደማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት እየጠበቀና ገና እየተጫወተ አደገ። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠረ።

ክብር ዘበኛ በዚያን ዘመን ከወታደርነት በተጨማሪ የስፖርተኞች መፍለቂያ ነበር። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችው እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ሲሆን፣ ከተካፋዮቹ አንዱ የዚሁ ሠራዊት ባልደረባ ማሞ ወልዴ ነበር። ማሞ ያን ጊዜ የሚሮጠው 800 እና 1500 ሜትር ነበር። የሠራዊቱን ሯጮች ያሠለጥኑ የነበሩት ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ናቸው። እኒህ ሰው አበበን ተመልክተው በረዥም ርቀት ተስፋ እንዳለው ተረዱ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለዩትም። በሠራዊቱ ውስጥ ግን በጊዜው ስሙ ገንኖ የነበረው ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ነበር። ለሮም ጉዞ ታስቦ የነበረውም እሱ ነበር፤ በጤና ችግር ምክንያት መሄድ ባለመቻሉ ዕድሉ ለአበበ ደረሰ። አበበ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ከወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ጋብቻ ፈጽሞ ነበርና ወደ ሮም ሲሄድ ገና ስድስት ወር ያልሞላው ሙሽራ ነበር ማለት ይቻላል።

ወደ ሮም ማራቶን ለመሮጥ የሄዱት ሁለት አበበዎች ናቸው፤ አበበ ቢቂላና አበበ ዋቅጅራ። ሁለቱንም የሚያውቅ የውጭ ሰው አልነበረም። አዲስ የተገዛው ጫማ እግሩን ስላልተስማማውና ስላቆሰለው፣ አበበ ቢቂላ አገሩ እንደለመደው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ውድድሩ የተካሄደው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. መሆኑን ስንቶቻችን አስተውለናል? የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። አገር ቤት ችቦ በሚበራበት ምሽት፣ ሮም ላይ ደግሞ የጣሊያን ወታደሮች በየመንገዱ ዳር ችቦ ይዘው ቆመው ነበር፤ ሙቀቱን ለመሸሽ ውድድሩ ወደ ማታ ተጀምሮ በጨለማ ይጠናቀቅ ነበርና።

አበበ 11 ቁጥር ለብሶ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ተነሣ። ከመንገዱ አጋማሽ ጀምሮ ከሞሮኮው ራህዲ ቤን አብደሰላም ጋር ትከሻ ለትከሻ ሄዱ። በጥንቱ የአፒያ ጎዳና ተመልሰው ወደ ከተማ ሲገቡ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ከአገራችን ተወስዶ በሮም አደባባይ ከቆመው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ደረሱ። አበበና አሠልጣኙ ይህንን ቦታ አስቀድመው አይተው ለማፍጠኛ መርጠውት ነበር። እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረ፤ ራህዲም ሊከተለው አልቻለም። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ አንደኛ ሆኖ ገባ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማራቶንን በዚህ ፍጥነት የጨረሰ ሰው አልነበረም፤ የቀድሞውን የኦሊምፒክ ሰዓት በስምንት ደቂቃ ያህል አሻሻለው። በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊም ሆነ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ሌላው አበበ፣ አበበ ዋቅጅራ፣ ሰባተኛ ሆኖ መግባቱ ነው። ማንም ያልገመታቸው ሁለት ጓደኛሞች ከዓለም ምርጥ ሯጮች መካከል አንደኛና ሰባተኛ ወጡ ማለት ነው።

ክብሩ በተገኘ በሦስት ወሩ መከራ መጣ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ሲከሽፍባቸው፣ የሠራዊቱ ባልደረባ የሆነው አበበም ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ተለቀቀ። ከዚያም እንደገና ወደ ሩጫው ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1961 ብቻ በአቴና፣ በኦሳካና በኮሺሴ ማራቶኖች ተወዳድሮ ሦስቱንም አሸነፈ። ኦሳካ ላይ የሮጠው በጫማ ነበር።

በሚያዝያ 11 ቀን 1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1963) አበበና ማሞ ወልዴ አሜሪካ ሄደው በቦስተን ማራቶን ተሰለፉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ከሁሉም ቀድመው በፈጣን ሰዓት መሮጥ ጀመሩ። ተመልካቹ ውድድሩ ያለቀ መስሎት ነበር። ይሁን እንጂ የኒውተን ኮረብቶች ላይ ሲደርሱ ቀዝቃዛ ነፋስ ገጠማቸው፤ እግራቸው ከዳቸው። ያሸነፈው የቤልጂጉ ኦሬል ቫንደንድሪሽ ነበር፤ አበበ አምስተኛ፣ ማሞ አሥራ ሁለተኛ ሆኑ። አበበ ጀምሮ ከጨረሳቸው ዓለም አቀፍ ማራቶኖች ውስጥ የተሸነፈበት ይህ ብቻ ነው። የዚህን ሽንፈት ታሪክ ለልጆቻችን መንገር አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም ከአምስት ዓመት በኋላ የመጣው የሜክሲኮ ድል ሥሩ እዚህ ነው። ማሞ አጭር ርቀት ከመሮጥ ተነሥቶ የማራቶንን ክፉና ደግ የተማረው ከአበበ ጎን ሆኖ እንዲህ ባለው ቀን ነበር።

ወደ ቶኪዮ ሲሄዱ ሦስት ነበሩ፤ አበበ፣ ማሞና የማሞ ወንድም ደምሴ ወልዴ። ከውድድሩ 35 ቀን በፊት አበበ ትርፍ አንጀት ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሊሮጥ ይችላል ብሎ ያሰበ ጥቂት ሰው ነበር። ቁስሉ ሳይጠና ልምምድ ጀመረና ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1964) ለውድድሩ ቀረበ። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ፣ አሁንም በዓለም አዲስ ሰዓት፣ ሁለተኛውን የእንግሊዙን ባዚል ሂትሊን ከአራት ደቂቃ በላይ አስከትሎ ገባ። ስታዲየሙ ሣር ላይ ወርዶ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሕዝቡ በመገረም ያየው ነበር። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ከእሱ በፊት አልነበረም። ደምሴ አሥረኛ ወጣ። ማሞ ማራቶኑን ባይጨርስም በ10,000 ሜትር አራተኛ ሆኖ ነበር፤ ለሜዳሊያ የቀረው አንድ ደረጃ ብቻ ነበር።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1968) በሜክሲኮ ከተማ አበበ፣ ማሞና መራዊ ገብሩ ተሰለፉ። አበበ 1 ቁጥር ለብሷል፤ ዓለም ሁሉ ሦስተኛ ድሉን ይጠብቃል። እሱ ግን የተጎዳ እግር ይዞ ነበር የቆመው። 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሮጠ መቀጠል አቃተው። ለማሞ እሱ እንደማይጨርስ ነገረው፤ ድሉን ማምጣት ያለብህ አንተ ነህ ብሎ አደራውን ሰጥቶት ከመንገድ ወጣ። ማሞ ከጥቂት ቀናት በፊት በ10,000 ሜትር ብር አግኝቶ ነበር። አደራውን ተቀብሎ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሴኮንድ አንደኛ ገባ፤ ከተከታዩ ጃፓናዊ ጋር የነበረው ልዩነት ሦስት ደቂቃ ያህል ነበር። መራዊም ስድስተኛ ሆነ። ኢትዮጵያ ሦስተኛውን የማራቶን ወርቅ በተከታታይ ያገኘችው፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ስለተነሣ ነው። ማሞ በዚያን ጊዜ ዕድሜው 36 ነበር፤ ለዓመታት ከጓደኛው ጥላ ሥር ሆኖ ሲሮጥ ኖሮ ተራው የደረሰው ያን ቀን ነው።

ከአምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ የሚያሽከረክራት ቮልስዋገን ተገለበጠች። በማግሥቱ ከመኪናው ወጥቶ ሆስፒታል ሲደርስ ሰውነቱ አይታዘዘውም ነበር። በሳምንቱ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወስዶ ስምንት ወር ያህል ታከመ። የእጆቹን ኃይል መልሶ አገኘ፤ እግሮቹ ግን እንደገና አልቆሙም። ሁለት ጊዜ ዓለምን የቀደሙ እግሮች በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ቀሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። አበበ ግን በስቶክ ማንደቪል ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀው ጨዋታ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኖርዌይ በእንግድነት ተጋብዞ ሄዶ፣ እንግዳ ሆኖ መቀመጥን አልወደደም። በበረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ ውድድር ገብቶ አሸነፈ። በረዶ በማያውቅ አገር ያደገ ሰው ነው ይህን ያደረገው።

እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ሲገኝ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት። የሙኒክ ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ነበር፤ ከሮም ድል በኋላ ልክ በ12 ዓመቱ፣ ዳግመኛ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ። የ40 ዓመቱ ማሞ ወልዴ ያን ቀን ሦስተኛ ወጥቶ ነሐስ ሲያገኝ፣ አበበ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ እዚያው ከተማ ነበር። ውድድሩን ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተርም ሽልማቱን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ የአበበን እጅ ጨበጠ።

አበበ በጭንቅላቱ ውስጥ ደም በመፍሰሱ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። የአራት ልጆች አባት ነበር። በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በሙሉ ወታደራዊ ሥርዓት ሲቀበር፣ ንጉሠ ነገሥቱን ጨምሮ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተገኘ። ማሞም ከብዙ ዓመታት እስር በኋላ በግንቦት 1994 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለየ።

የሮጡበት መንገድ ግን አልተዘጋም። ሮም ላይ አበበ ያፈጠነበት የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ አገሩ ተመለሰ። ድሉ 50ኛ ዓመቱን በያዘበት በ2010 የሮምን ማራቶን ያሸነፈው ኢትዮጵያዊው ሲራጅ ገና ነው፤ መጨረሻው ላይ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ገባ። እኛ ከወጃሌ ወደ ሐርጌሳ ስንመጣ የምናልፋት ገቢሌም የዚህ ታሪክ ባለ ድርሻ ናት። በእንግሊዝ ስም አራት የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ሞ ፋራህ በልጅነቱ የነበረባት ከተማ ስትሆን፣ ለውድድር የተዘጋጀውም ብዙ ጊዜ በኢትዮጵያ ደጋ ነበር። ሩጫ ድንበር የለውም።

ውድ ወላጆች፣ ይህንን ታሪክ ለልጆቻችሁ ስትነግሩ ከባዶ እግሩ ባሻገር ጓደኞቹንም ጥሩላቸው፤ አበበ ዋቅጅራን፣ ደምሴን፣ መራዊን፣ ከሁሉም በላይ ማሞን። ሰው አገር ስንኖር የታመመን የምንጠይቀው፣ የሞተን የምንቀብረው፣ መንገድ ላይ የቀረን የምንጠብቀው እርስ በርሳችን ነው። አበበ ሜክሲኮ ላይ ከመንገድ ሲወጣ ማሞ ቆሞ ቢያለቅስለት ኖሮ ሁለቱም በተሸነፉ ነበር። ማሞ ግን አደራውን ይዞ ሮጠ፤ ያገኘውም ወርቅ የሁለቱ ሆነ። የእኛም ማኅበር ትርጉሙ ይኸው ነው።