ሊሊያን ትራሸር

ሊሊያን ሀንት ትራሸር (መስከረም 17 ቀን 1880 – ታኅሣሥ 8 ቀን 1954 ዓ.ም.፤ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 27 ቀን 1887 – ዲሴምበር 17 ቀን 1961) በላይኛው ግብፅ በአስዩት ከተማ የሕፃናት ማሳደጊያ መሥርተው ለ50 ዓመታት ያህል የመሩ አሜሪካዊት ሚስዮናዊት ነበሩ። ማሳደጊያው በአንዲት እናቷ በሞተችባት ጨቅላ ተጀምሮ፣ መሥራቿ ሲያርፉ ከ1,200 በላይ ሕፃናትና መበለቶች የሚኖሩበት ሰፊ መንደር ሆኖ ነበር። በዘመናቸው በዚያ ቤት ያደጉት ልጆች ቁጥር 8,000 ያህል እንደሚደርስ ይገመታል። በውጭ አገር የናይል እናት በሚል ቅጽል ስም ሲታወቁ፣ ልጆቹ ግን ማማ ሊሊያን ይሏቸው ነበር።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ናቸው።

የመጀመሪያ ዘመናት

ሊሊያን ትራሸር የተወለዱት በፍሎሪዳ ግዛት በጃክሰንቪል ከተማ ሲሆን ያደጉት በጆርጂያ ግዛት በብሩንስዊክ ነው። በወጣትነታቸው የሥዕል ተሰጥኦ ስለነበራቸው በዚሁ ሙያ ለመተዳደር አስበው ነበር። ይሁን እንጂ በሰሜን ካሮላይና፣ በማሪዮን ከተማ፣ ማቲ ፔሪ የተባሉ ሴት ያቋቋሙትን የወላጅ አልባ ልጆች ቤት ካወቁ በኋላ የሕይወታቸው አቅጣጫ ተለወጠ።

የማሪዮኑ ቤት ቋሚ ገቢ አልነበረውም፤ የሚተዳደረው ሰዎች በየጊዜው በሚሰጡት ስጦታ ነበር። ወጣቷ ሊሊያን በዚያ ያለ ደመወዝ እያገለገሉ ጨቅላ ማሳደግን፣ ልብስ መስፋትን፣ ልጆች ማስተማርንና በጥቂት ገንዘብ ብዙ ሰው መመገብን ተማሩ። ኋላ በግብፅ ያቋቋሙት ማሳደጊያም በአሠራሩ ከዚህ ቤት ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል።

ወደ ግብፅ ጉዞ

በ1910 ሊሊያን ቶም ጆርዳን ለተባለ ሰባኪ ታጭተው ነበር። ሠርጋቸው 10 ቀን ሲቀረው ከሕንድ የተመለሰች አንዲት ሚስዮናዊት ስትናገር ሰምተው ወደ አፍሪካ ሄደው ለማገልገል ወሰኑ። እጮኛቸው ይህን ሐሳብ ስላልተጋራ እጮኝነቱ ፈረሰ። የላካቸውም ሆነ ደመወዝ የቆረጠላቸው ድርጅት አልነበረም፤ የመርከብ ክፍያውም የተሟላው በመንገድ ላይ ባገኟቸው ሰዎች ስጦታ ነው። በአስዩት ይሠሩ የነበሩ ብሬልስፎርድ የተባሉ ሚስዮናዊ ወደዚያ እንዲመጡ ጋበዟቸው።

ሊሊያን ከእኅታቸው ከጄኒ ጋር ኦክቶበር 8 ቀን 1910 ከአሜሪካ ተነሥተው በዚያው ወር በ26ኛው ቀን እስክንድርያ ደረሱ። አስዩት ከካይሮ በስተ ደቡብ በናይል (ዓባይ) ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኝ የላይኛው ግብፅ ትልቅ ከተማ ናት። በአካባቢዋ ብዙ የቅብጥ ክርስቲያኖች ይኖራሉ። በኢትዮጵያ ምዕመናን ዘንድ ከስደተ ድንግል ማርያም ጋር በተያያዘ የሚታወቀው ደብረ ቁስቋምም የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ሀገር ነው።

የማሳደጊያው መመሥረት

አስዩት ከገቡ ጥቂት ወራት እንዳለፉ ሊሊያን ወደ አንዲት በሞት አፋፍ ላይ ወደነበረች እናት ቤት ተጠሩ። የሴትየዋ ሕፃን ወተት የምትጠባው ከቆርቆሮ ጣሳ ሲሆን ወተቱም ተበላሽቶ ነበር። እናትየዋ ስትሞት ሕፃኗ ለሊሊያን ተሰጠች፤ ፋሪዳ ተብላም ተጠራች።

የታመመችውና በረሃብ የተጎዳችው ሕፃን ሌሊት ሌሊት ስታለቅስ በሚስዮኑ ቤት የሚኖሩትን እንቅልፍ ስለነሣች፣ ሊሊያን ወደ ዘመዶቿ እንዲመልሷት ተነገራቸው። እርሳቸው ግን ሕፃኗን ይዘው ከሚስዮኑ ቤት ወጡ። ባላቸው ጥቂት ገንዘብ በወር 12.50 ዶላር ቤት ተከራይተው፣ ቀለል ያለ የቤት ዕቃ ገዝተው ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1911 መኖር ጀመሩ። ይህ ቀን የማሳደጊያው መመሥረቻ ሆኖ ይከበራል።

በመጀመሪያ ልጅ የሚሰጣቸው ሰው ብዙ አልነበረም። ያላገባች የውጭ አገር ወጣት ሴት የሰው ልጅ ሰብስባ ማሳደጓ በአካባቢው ያልተለመደ ስለነበር ሕዝቡ በጥርጣሬ ይመለከታቸው ነበር። ሊሊያን ዐረብኛ ተምረው በአህያ ከመንደር መንደር እየዞሩ ምግብ፣ ልብስና ገንዘብ መለመን ጀመሩ። ገበሬው ከእህሉ፣ ነጋዴው ከሸቀጡ ይሰጥ ነበር፤ ከሰጪዎቹም መካከል ቅብጦችም ሙስሊሞችም ነበሩበት። ቀስ በቀስ ጥርጣሬው እየቀነሰ የልጆቹ ቁጥር በ1916 ወደ 50 ደረሰ። የኪራዩ ቤት ስላልበቃ ከናይል ማዶ በምሥራቁ ዳርቻ መሬት ተገዝቶ አዲስ ግንባታ ተጀመረ። ወጪውን ለመቀነስ ሲባል ጡቡን የሚሠሩት ትልልቆቹ ልጆች ራሳቸው ነበሩ።

የ1919 አብዮት

በ1919 ግብፃውያን በብሪታንያ አገዛዝ ላይ ሲነሡ በላይኛው ግብፅም ከባድ ግጭት ተካሄደ። የውጭ አገር ሰዎች አካባቢውን እንዲለቁ ስለታዘዙ ሊሊያን ልጆቹን በአገሬው ሰዎች እጅ ትተው ወደ አሜሪካ ሄዱ። በዚያ ቆይታቸው ጉባኤ እግዚአብሔር በተባለው የጴንጤቆስጤ ቤተ እምነት ሥር ተመዘገቡ፤ ይህም በየአጥቢያው ካሉ ምዕመናን ዕርዳታ የሚያገኙበትን መንገድ ከፈተ። በ1920 ወደ አስዩት ሲመለሱ ሥራው አልተበተነም ነበር።

የሥራው አደረጃጀት

ሊሊያን ችግረኛ ልጅ ከበራቸው ላለመመለስ ወስነው ነበር። በዚህም ምክንያት የነዋሪው ቁጥር ሁልጊዜ ከቤቱ አቅም ይቀድም ነበር። በ1923 ልጆቹና መበለቶቹ አንድ ላይ 300 ያህል ሆኑ፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ወደ 700 ተጠጉ። አዲስ ሕንፃ ተሠርቶ ሳይጠናቀቅ የሚሞላበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ይህን ያህል ሰው በጥቂት የውጭ አገር ሚስዮናውያን መንከባከብ የሚቻል አልነበረም። ሥራውን በዋናነት ያቆሙት ሦስት ወገኖች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ባሎቻቸው ሞተውባቸው ከነልጆቻቸው የተጠለሉ መበለቶች ሲሆኑ ምግብ ማብሰሉን፣ ዳቦ መጋገሩንና ልብስ ማጠቡን ይዘው ነበር። ሁለተኛዎቹ ትልልቆቹ ልጃገረዶች ናቸው፤ እያንዳንዷ ጥቂት ታናናሾችን ተረክባ እንደ እኅትም እንደ ሞግዚትም ታሳድጋለች። ሦስተኛዎቹ በዚያው አድገው በመምህርነት ወይም በሌላ ሙያ የቀሩ ወይም የተመለሱ ወጣቶች ነበሩ። ከውጭ የሚመጡት በጎ ፈቃደኞች ጥቂት ሆነው ከዚህ አደረጃጀት ጋር ተዋሕደው ይሠሩ ነበር። አንድ ረዳት ታሞ ወይም ወደ አገሩ ሄዶ ሲቀር ቤቱ ያልተናጋው በዚህ ምክንያት ነው።

በግቢው ውስጥ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ክሊኒክ፣ የወተት ላሞች በረትና የሙያ ማሠልጠኛዎች ተቋቋሙ። ወንዶቹ አናጢነትንና የወንበር ሥራን፣ ሴቶቹ ስፌትንና የቤት አያያዝን ይማሩ ነበር። ልጃገረዶቹ ለትዳር ሲደርሱ ጠያቂ ሽማግሌዎችን የሚቀበሉት፣ ስለ ሙሽራው የሚያጣሩትና ሠርጉን የሚደግሱት ሊሊያን ነበሩ።

የ1933 ውዝግብ

የማሳደጊያው ልጆች አብዛኞቹ ከቅብጥ ቤተሰቦች የመጡ ቢሆኑም ሙስሊም ልጆችም ነበሩበት። ሁሉም የሚያድጉት በክርስትና ትምህርት ነበር። ይህ አሠራር በ1933 ከባድ ተቃውሞ ገጠመው። በዚያ ዓመት በፖርት ሳይድ በሚገኝ ሌላ የሚስዮን ማሳደጊያ አንዲት ሙስሊም ልጃገረድ ሃይማኖቷን እንድትለውጥ ተጠይቃ እንቢ በማለቷ መደብደቧ በጋዜጦች ወጣ። ቁጣው በመላው ግብፅ ተዛመተ፤ ገና በምሥረታ ላይ የነበረው የሙስሊም ወንድማማቾች ማኅበርም ከተቃውሞው ግንባር ቀደሞች አንዱ ሆነ።

መንግሥት የሚስዮን ተቋማትን መመርመር ሲጀምር ተራው የአስዩት ሆነ። ባለሥልጣናቱ መጥተው ሙስሊሞቹን ልጆች ከማሳደጊያው አወጧቸው። ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ያሳደጓቸውን ልጆች በአንድ ጊዜ ማጣት ለሊሊያን ከደረሰባቸው ሐዘን ሁሉ የከበደ ነበር። በሌላ በኩል ለብዙ ግብፃውያን ጥያቄው ከአንዲት ሴት ደግነት የሰፋ ነበር፤ ለመብላትና ለመጠለል ሲል ወደ ሚስዮን የገባ ልጅ እምነቱን የመምረጥ ነፃነት አለው ወይ የሚል ነበር። ከዚህ በኋላ በመንግሥትና በሙስሊም በጎ አድራጊዎች የሚተዳደሩ ማሳደጊያዎች በግብፅ እየተስፋፉ ሄዱ። የአስዩቱ ቤት አልተዘጋም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ክርስቲያን ልጆችን ብቻ የሚቀበል ሆነ።

የጦርነት ዓመታት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአሜሪካ የሚመጣው ገንዘብና ዕቃ ሲስተጓጎል ማሳደጊያው ለከፋ ችግር ተዳረገ፤ በተለይ የልጆች ልብስ ጠፋ። በ1941 ግሪክ በጀርመን ጦር ስትያዝ ወደዚያ ይጓዝ የነበረ የቀይ መስቀል ዕርዳታ በግብፅ ተራገፈ። በካይሮ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበሩት አሌክሳንደር ከርክ ስለ አስዩት ልጆች ያውቁ ስለነበር ከዕርዳታው ልብስ፣ ብርድ ልብስና ምግብ እንዲደርሳቸው አደረጉ።

ጦርነቱ ሲያበቃም እፎይታ አልተገኘም። በ1947 ግብፅን የመታው የኮሌራ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ገደለ። ብዙ ልጆች ተጠጋግተው በሚኖሩበት ቤት ተላላፊ በሽታ ከሁሉ የሚያሰጋ ነገር ነው፤ ችግረኛን ያለመመለስ ውሳኔም ከባዱ ዋጋው በዚህ ይታይ ነበር።

የመጨረሻ ዓመታትና ዕረፍት

ሊሊያን ትራሸር ትዳር አልመሠረቱም። ወደ ትውልድ አገራቸው የተመለሱት ጥቂት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ አሜሪካን ሲጎበኙ ከቀደመው ጉዟቸው ወዲህ ከ20 ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ከ1952ቱ አብዮት በኋላ በውጭ ተቋማት ላይ ቁጥጥሩ ቢጠብቅም የአስዩቱ ማሳደጊያ ሥራውን ቀጠለ። ቤተሰባቸው ከአስዩት አቅራቢያ ከቤኒ ሙር መንደር የሆነው ፕሬዚዳንት ጋማል አብደል ናስር ለወላጅ አልባ ልጆች ስላበረከቱት አገልግሎት የምስጋና ደብዳቤ ጽፈውላቸዋል።

ዲሴምበር 17 ቀን 1961 በ74 ዓመታቸው በአስዩት ዐረፉ፤ የተቀበሩትም እዚያው ነው። የቀብራቸውን ሥርዓት ለመከታተል በርካታ ያሳደጓቸው ልጆችና የከተማው ነዋሪዎች ተሰብስበው ነበር።

መታሰቢያ

ማሳደጊያው ከዕረፍታቸው በኋላ የሊሊያን ትራሸር መታሰቢያ ተብሎ የተሰየመ ሲሆን አስተዳደሩ በግብፃውያን እጅ ሆኖ አገልግሎቱን ቀጥሏል፤ በ2011ም 100ኛ ዓመቱን ደፍኗል። የአሜሪካ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ዲሴምበር 19 ቀንን ለመታሰቢያቸው አውላለች። በዚያ ያደጉት ልጆች መምህራን፣ አገልጋዮች፣ የእጅ ባለሙያዎችና ነጋዴዎች ሆነው በግብፅና በውጭ አገር ተሰማርተዋል። ሁሉ ነገር የተጀመረባት ፋሪዳም የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ በመሆኗ ስሟ ከማሳደጊያው ታሪክ ጋር አብሮ ይነሣል።