ዶክተር አለን ዊፕል፦ በስማቸው የሚጠራው የቆሽት ቀዶ ሕክምና እና ከእሱ በኋላ ያለው የምግብ መፈጨት

እርስዎ ወይም የቤተሰብዎ አባል የቆሽት ቀዶ ሕክምና አድርጋችሁ ከሆነ፣ በሕክምና ወረቀታችሁ ላይ ዊፕል የሚለውን ቃል ሳታዩት አትቀሩም። ቃሉ የአንድ ሐኪም ስም ነው። ታሪካቸውን እዚህ የምንነግርዎት ያለ ምክንያት አይደለም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብዙዎችን የሚያስጨንቀው ነገር፣ ማለትም ከምግብ በኋላ የሚመጣው የሆድ መንፋት፣ ቅባት የበዛበትና ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ሰገራ፣ አልመለስ የሚል ክብደት፣ ሐኪሙ ራሳቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አቅልለው ካዩት ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው።

አለን ኦልድፋዘር ዊፕል እ.ኤ.አ. በ1881 በፋርስ፣ በዛሬዋ ኢራን ሰሜን ምዕራብ፣ ኡርሚያ በተባለች ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው አሜሪካውያን ሚስዮናውያን ነበሩ። በ1904 ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ፣ በ1908 ደግሞ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ። ከ1921 ጀምሮ ለሃያ አምስት ዓመታት ያህል በኮሎምቢያ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነው በኒው ዮርክ ፕሬስቢቴሪያን ሆስፒታል ሠርተዋል።

በዚያ ዘመን ቆሽትን መንካት ቀዶ ሐኪሞች የሚፈሩት ሥራ ነበር። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ የሚገኝ አካል ነው። ራሱ የሚባለው ክፍል በትንሹ አንጀት መነሻ፣ ማለትም በዱኦዲነም ታቅፎ ተቀምጧል፤ የሐሞት ቱቦም በውስጡ ያልፋል። ስለዚህ እዚያ አካባቢ ዕጢ ሲበቅል ሐሞት መውረጃ ያጣል፤ ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ሰገራ ይነጣል። ሐሞት ወደ አንጀት ካልደረሰ ቫይታሚን ኬ ወደ ሰውነት አይገባም፤ ያለ ቫይታሚን ኬ ደግሞ ደም በአግባቡ አይረጋም። እንዲህ ያለ ታካሚ በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ደሙ ፈስሶ ሊሞት ይችል ነበር።

ዊፕል ይህንን ሥራ ለመሞከር የመጀመሪያው ሰው አልነበሩም። ጀርመናዊው ዋልተር ካውሽ በ1909 ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና በሁለት ደረጃ አከናውነው ተሳክቶላቸው ነበር። ዊፕልና ባልደረቦቻቸው በ1935 የሦስት ታካሚዎችን ታሪክ ሲያሳትሙ ግን ጉዳዩ ከአንድ አጋጣሚ ወጥቶ ሌሎች ሊከተሉት የሚችሉት መንገድ ሆነ።

የመጀመሪያዋ ታካሚ ሕይወት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ30 ሰዓት ገደማ አለፈ። ምክንያቱ ሲጠና ጥፋቱ ክሩ ላይ ተገኘ። በዚያ ጊዜ ስፌቱ ከእንስሳት አንጀት በተሠራና ሰውነት በሚያሟሟው ክር ይሠራ ነበር። የቆሽት ፈሳሽ ሥጋን የሚፈጭ ነውና ክሩን በልቶ ስፌቱን ፈታው። ዊፕል ከዚያ በኋላ ወደ ሐር ክር ዞሩ። ሁለተኛው ታካሚ ከሆስፒታል ወጥተው ወራት ኖሩ፤ በመጨረሻ ሕይወታቸውን ያሳጣቸው የሐሞት ቱቦ ኢንፌክሽን ነው። ሦስተኛው ሁለት ዓመት ገደማ ኖሩ።

የሁለተኛውን ታካሚ ነገር አስታውሰው ይያዙት። ዛሬም ከዚህ ቀዶ ሕክምና ወራት ወይም ዓመታት ካለፉ በኋላ እንኳ ትኩሳት ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ቢመጣ፣ ዓይንዎ ቢጫ ቢሆን ወይም ሽንትዎ ቢጠቁር፣ ጉንፋን ይሆናል ብለው አይደሩ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። በ1930ዎቹ ያልነበረው አንቲባዮቲክ ዛሬ አለ፤ የሚሠራው ግን በጊዜ ሲደረስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በእነዚያ የመጀመሪያ ቀዶ ሕክምናዎች ዊፕል የቀረውን የቆሽት ክፍል ከአንጀት ጋር አላገናኙትም፤ ጫፉን ቋጥረው ዘጉት። የቆሽት ፈሳሽ ወደ አንጀት ባይደርስም ሰው በሕይወት ሊኖር ይችላል የሚል እምነት ነበራቸው። በሕይወት ስለመኖር ከሆነ አልተሳሳቱም። ነገር ግን መኖርና በልቶ መጥገብ፣ በልቶም ሰውነት መመለስ አንድ አይደሉም። የተዘጋውም ጫፍ እያፈሰሰ አስቸገረ።

በ1940 ነገሩ ተለወጠ። ቫይታሚን ኬ በመድኃኒትነት መሰጠት ስለጀመረ የመድማቱ ስጋት ቀለለ። በዚያው ዓመት ዊፕል የጨጓራ ዕጢ አላት የተባለችን ሴት ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉ፣ ጨጓራውን ከቆረጡ በኋላ ዕጢው የቆሽት ራስ ላይ መሆኑን አዩ። ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አወጡት። ታካሚዋ ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖረች። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ዊፕል የቀረውን ቆሽት ከትንሹ አንጀት ጋር መስፋት ጀመሩ። የራሳቸውን አሠራር ራሳቸው አረሙ ማለት ነው፤ እንደ እኛ አስተያየት ከሁሉም ሥራቸው ይህ ይበልጣል።

ዛሬ የእርስዎም ቆሽት በአብዛኛው እንዲሁ ከአንጀት ወይም ከጨጓራ ጋር ተገናኝቷል። ታዲያ ለምን ምግብ አይፈጭም? አንደኛ፣ የቆሽቱ ከፊል ስለወጣ የሚመነጨው ኢንዛይም ቀንሷል። ሁለተኛ፣ ቆሽት ፈሳሹን እንዲለቅ መልእክት የሚልከው ዱኦዲነም ነበር፤ እሱም አብሮ ወጥቷል። ሦስተኛ፣ የተሰፋው ቦታ ከጊዜ ጋር ሊጠብ ይችላል። በይበልጥ የሚጎዳው የቅባት መፈጨት ነው። ሰገራዎ የገረጣ፣ የሚሸት፣ ቅባታም፣ በውሃ ተገፍቶ የማይሄድ ከሆነ ምልክቱ ይህ ነው። ብዙ ታካሚዎች ይህን ለመናገር ያፍራሉ፤ ቤተሰብም ምግብ አልስማማው አለ ብሎ ከገበታው ላይ አንድ በአንድ ይቀንሳል። በሽተኛውም ይከሳል።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ የቆሽት ኢንዛይም ካፕሱል ነው። አወሳሰዱ ከመጠኑ ያላነሰ ወሳኝ ነው። ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ይዋጣል፤ ምግቡ ረዘም የሚል ከሆነ ግማሹን መጀመሪያ፣ ግማሹን መሐል ላይ ይውሰዱ። በልተው ከጨረሱ በኋላ ቢውጡት ምግቡ ቀድሞት ይሄዳል። አያኝኩት፤ በትኩስ ቡና ወይም ሻይ አይዋጡት፤ ሙቀት ኢንዛይሙን ያበላሻል። ለዋና ምግብ ከ40,000 እስከ 50,000 ዩኒት፣ ለመክሰስ ግማሹ የተለመደ መነሻ ነው፤ የእርስዎን መጠን ግን የሚወስነው ሐኪምዎ ነው። ካልሠራ ይጨመራል እንጂ አይተውም። የጾም ወጥም ዘይት ስላለው ኢንዛይሙን ይፈልጋል።

ብዙ ሰው ሳይነገረው የሚቀር አንድ ነገር አለ፦ ካፕሱሉ የሚሠራው ከአሳማ ቆሽት ነው። ይህ በሃይማኖትዎ ምክንያት የሚከብድዎት ከሆነ በዝምታ አያቋርጡት። ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የንስሐ አባትዎን፣ ኢማምዎን ወይም ረቢዎን ያማክሩ። ስለ ጾምም እንዲሁ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ወራት ሰውነትዎ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መብላትና በቂ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ እስከ ከሰዓት በኋላ ባዶ ሆድ መዋል ለብዙዎች አይሆንም።

መጀመሪያ ላይ ጨጓራ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ሁለት ጉርሻ በልተው ቢጠግቡ አይደንግጡ። ቤተሰብም በሞቴ እያለ አያጉርስ፤ ትንሽ ሰሐን በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ማቅረብ ይሻላል። የሚበሉት ሁሉ የሚወጣ ከሆነ፣ ሆድዎ በኃይል ከታመመ፣ ሰገራዎ ከጠቆረ ወይም ከቁስሉ ፈሳሽ ከወጣ ግን ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ቆሽት ኢንሱሊንም ስለሚያመነጭ የደም ስኳርዎ በየጊዜው መታየት አለበት። ዊፕል በዚህም በኩል ስማቸው ይነሳል፤ ኢንሱሊን ከመጠን በላይ የሚያመነጭ ዕጢን ለመለየት የሚረዱ ሦስት ምልክቶችን የለዩት እሳቸው ናቸው።

ዊፕል በሕይወት ዘመናቸው በስማቸው የሚጠራውን ቀዶ ሕክምና ያደረጉት 37 ጊዜ ብቻ ነው። ዛሬ አንድ ትልቅ ማዕከል በአንድ ዓመት ከዚህ ይበልጣል። ከጡረታ በኋላ ወደ ተወለዱበት ምድር የሕክምና ታሪክ ተመልሰው፣ ንስጥሮሳውያንና ሙስሊም ሐኪሞች ስላበረከቱት ድርሻ ጻፉ። በ1963 በፕሪንስተን አረፉ።

በመጨረሻ፣ ኢንተርኔት ላይ ዊፕል ብለው ሲፈልጉ በባክቴሪያ የሚመጣ የአንጀት በሽታ ያገኙ ይሆናል። እሱ በሌላ ሐኪም፣ በጆርጅ ዊፕል ስም የተጠራ ነው፤ ከእርስዎ ቀዶ ሕክምና ጋር አይገናኝም።