የሰውን ስምና የመጻሕፍትን ቁጥር መዝግበው ያለፉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ

ከመርሐቤቴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ዛሬ በሙከ ጡሪና በሱሉልታ አልፎ የእንጦጦን ተራራ ይሻገርና ወደ መዲናይቱ ይወርዳል። ከመቶ ዓመታት በፊት የመርሐቤቴ ተወላጅ የነበሩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ዕውቀት ፍለጋ ከትውልድ ቀያቸው ወጥተው የደረሱት እዚሁ እንጦጦ ላይ ነበር። በመንግሥት ሥራ ላይ ሆነው የአገርን ታሪክ በሰው፣ በስፍራና በጽሑፍ መዝግበው ለማቆየት የደከሙት እኚህ ሰው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዙሪያ ላሉ ከተሞች ጭምር የሚጠቅም አርአያነት ትተው አልፈዋል።

ኅሩይ በ1870ዎቹ መባቻ በሸዋ፣ በመርሐቤቴ ደን በተባለው ስፍራ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ገብረ መስቀል ነበር። አባታቸውን በልጅነታቸው በማጣታቸው ትምህርታቸውን የተከታተሉት በችግር ውስጥ ሆነው ነው። በእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን የቤተ ክህነትን ትምህርት ካዳበሩ በኋላ፣ በችሎታቸው ወደ ቤተ መንግሥት ቀርበው በመንግሥት አገልግሎት ተሰማሩ።

በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ ሲጭኑ፣ በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ መሪነት ከተላከው የኢትዮጵያ ልዑክ ጋር ወደ ለንደን ተጓዙ። ከዚህ ጉዞ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ፣ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጅተው አሳተሙ። ሥራው በገጽ ብዛት አነስተኛ ቢሆንም፣ አገሪቱ ምን ዓይነት የጽሑፍ ሀብት እንዳላት ለማወቅ የሚያስችል በመሆኑ ፋይዳው ከፍተኛ ነበር።

በ1900ዎቹ መጨረሻ ኅሩይ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሹም ሆነው ተመደቡ። ከተማይቱ ከተቆረቆረች ገና ሠላሳ ዓመት ያህል ብቻ ሆኗት ስለነበር፣ መሥራቾቿ የነበሩ በርካታ ሰዎች በሕይወት ነበሩ። ይሁን እንጂ ትውልዱ ማለፉ አይቀርምና ኅሩይ የሰዎችን ታሪክ ማሰባሰብ ያዙ። በ1915 ዓ.ም. የታተመው የሕይወት ታሪክ መጽሐፋቸው የዚህ ጥረት ፍሬ ነው። በኋላ ጊዜ ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ እንዲሆን የተዘጋጀው ይህ መጽሐፍ፣ ከመኳንንቱ ጎን ለጎን የሊቃውንቱንም ታሪክ በአጭር በአጭሩ ይዟል። በመጽሐፉ ከሰፈሩት ሰዎች አንዳንዶቹን የዛሬው ተመራማሪ የሚያውቃቸው በዚሁ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

ኅሩይ የተጓዙባቸውንም አገሮች ሳይጽፉ አላለፉም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን ተከትለው አውሮፓን ጎበኙ፤ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያን ልዑክ መርተው ወደ ጃፓን ሄዱ። የሁለቱንም ጉዞ ታሪክ በመጽሐፍ አሳትመዋል። በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት በሚያገለግሉበት በዚያ አስቸጋሪ ዘመን እንኳ ብዕራቸው አላረፈም።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ሰፊው ይሆናል የተባለው የኢትዮጵያ ታሪክ ግን እንደታሰበው ለአንባቢ ሳይዳረስ ቀረ። በ1921 ዓ.ም. ዋዜማ የተባለውን መጽሐፍ የዚሁ ዋና ሥራ መቅድም አድርገው አውጥተው ነበር። ዋናው ታሪክ በማተሚያ ቤት ሳለ በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን በመያዙ ኅትመቱ ተስተጓጎለ። ኅሩይ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ለስደት ተዳረጉ። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ ኅሩይ በ1929 ዓ.ም. በወራሪው እጅ ተገደሉ። እርሳቸውም የአገራቸውን ነፃነት ሳያዩ በመስከረም ወር 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ አረፉ።

ከዚህ የሕይወት ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ኅሩይ በጊዜው አሳትመው ያሰራጯቸው መጻሕፍት ከጦርነት ተርፈው ለዛሬ በቅተዋል። ለነገ ያቆዩት ትልቁ ሥራ ግን ጊዜው አምልጦታል።

ይህ ትምህርት በተለይ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ይመለከታል። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል። ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የሚገኝባት፣ ቡራዩ ለመዲናይቱ ውኃ ሲያቀርብ የኖረው የገፈርሳ ግድብ አዋሳኝ፣ ሱሉልታ ደግሞ የሰላሌና የጎጃም መንገድ መውጫ ናቸው። ከተሞቹ በፍጥነት በመስፋፋታቸው የእርሻ ማሳ የነበረው መሬት መንደርና ፋብሪካ ሆኗል። የቀድሞውን የመስክ፣ የወንዝና የሰፈር ስም ለይተው የሚያውቁት አረጋውያን ናቸው።

የመሥሪያ ቤቶች አደረጃጀት ሲለወጥ መዛግብት ከቢሮ ወደ ቢሮ ይዘዋወራሉ። በዚህ ወቅት አሮጌ ደብዳቤ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤና የነዋሪዎች አቤቱታ ተራ ወረቀት መስለው ሊጣሉ ይችላሉ። ስለሆነም የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ያለውን ሰነድ በዝርዝር መዝግቦ ቢያስረክብ፣ የባህልና የቱሪዝም ባለሙያው የአረጋውያኑን ቃል ከነስማቸው ጽፎ ቢያኖር፣ ኃላፊውም ለዚህ ጊዜና ቦታ ቢመድብ የከተሞቹ ታሪክ ከመጥፋት ይድናል። ብላቴን ጌታ ኅሩይም ይህን ሁሉ የሠሩት ከመንግሥት ሥራቸው ጎን ለጎን ነበር።