ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከግብ አስቆጣሪነት እስከ አፍሪካ ጠበቃነት

በአፍሪካ እግር ኳስ ታሪክ ስማቸው በክብር ከሚነሣው ሰዎች አንዱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 1921፣ በኢትዮጵያ የዘመን መለወጫ ዕለት፣ በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር የመጀመሪያዎቹን የአማርኛ ዘፈኖች በሸክላ ያስቀረጹ ባለቅኔ ነበሩ።

አቶ ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. በ1935 በአዲስ አበባ የተመሠረተውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ገና በወጣትነታቸው ተቀላቀሉ። ለክለቡ ባደረጓቸው 365 ጨዋታዎች 318 ግቦችን እንዳስቆጠሩ ይነገራል። ይህም በየ10 ጨዋታው ወደ 9 የሚጠጋ ግብ ማለት ነው። በአሠልጣኝነትም እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 1962 በአዲስ አበባ በተካሄደው የፍጻሜ ጨዋታ ብሔራዊ ቡድኑን መርተው የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 በማሸነፍ ለኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ብቸኛ የሆነውን የአፍሪካ ዋንጫ አስገኙ።

ይሁንና ስማቸውን ከሜዳ አሻግሮ ያስጠራው በስብሰባ አዳራሽ ያደረጉት ተጋድሎ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1957 ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ በካርቱም ተሰባስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ሲመሠርቱ አቶ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም በዚያው ከተማ ተዘጋጀ። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጮችና ጥቁሮች በአንድ ቡድን የተቀላቀሉበትን ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ አልሆነችም። አቶ ይድነቃቸውና ባልደረቦቻቸው ይህን ባለመቀበላቸው ውድድሩ በሦስት አገሮች ብቻ ተካሄደ። ተጋጣሚ ያጣችው ኢትዮጵያ በቀጥታ ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ሁለተኛው ተጋድሎ የዓለም ዋንጫ ድርሻ ጉዳይ ነበር። ለ1966ቱ ውድድር አፍሪካ፣ እስያና ኦሽንያ በጋራ አንድ ቦታ ብቻ ሲሰጣቸው፣ አቶ ይድነቃቸው ከጋናዊው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ተቃውሞውን መሩ፤ የአፍሪካ ቡድኖችም ከማጣሪያው ራሳቸውን አገለሉ። ውጤቱ ሳይዘገይ ታየ። አፍሪካ በ1970 የራሷን አንድ ቦታ አግኝታ በሞሮኮ ተወከለች፤ በ1982 ደግሞ ድርሻዋ ወደ ሁለት አድጎ አልጄሪያና ካሜሩን ተሳተፉ። ዛሬ ይህ ቁጥር ዘጠኝ ደርሷል።

አቶ ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል፤ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። በዘር መድልዎ ላይ የያዙትን አቋም ሳይለውጡ፣ ሥልጣናቸውንም ሳይለቁ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 19 ቀን 1987 በ65 ዓመታቸው ዐረፉ።

ደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ ሥርዐቷ ሲያከትም እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ዓለም አቀፍ ውድድር ተመለሰች። በ1996ም ነጭና ጥቁር ተጫዋቾቿን በአንድ መለያ አሰልፋ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች። በታኅሣሥ 1997 በሪያድ የንጉሥ ፋህድ ስታዲየም በተካሄደው የኮንፌዴሬሽኖች ዋንጫ አህጉሪቱን ወክሎ የቀረበውም ይኸው ቡድን ነበር። አቶ ይድነቃቸው ይህን ለማየት አልታደሉም፤ ያ ቡድን በሪያድ ሜዳ የተሰለፈው ግን እርሳቸው ከ40 ዓመት በፊት በካርቱም በጠየቁት መሠረት ነበር።