የሟች ቤት እንዳይፈርስ የደከሙ ቄስ፤ አባ ማይክል ማክጊቭኒ



ዕድር የኛ ብቻ ይመስለናል። ጡሩምባ ሲነፋ ነጠላውን አዘቅዝቆ የሚወጣ፣ ድንኳን የሚተክል፣ ንፍሮ የሚቀቅል፣ ሬሳ ተሸክሞ የሚሸኝ የኛ ሰፈር ሰው ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ሞት በሁሉም አገር አለ፤ ሞት ባለበት ሁሉ ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴትና አባት የሌለው ልጅ አሉ። ስለዚህም የሰው ልጅ በየአገሩ ተሰብስቦ መላ መምታቱ አልቀረም። ዛሬ ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ ሰው በአሜሪካ አገር እንዲህ ያለውን መላ ከመቱት አንዱ ናቸው። ስማቸው አባ ማይክል ማክጊቭኒ ይባላል፤ ማይክል ማለት በኛ አፍ ሚካኤል ማለት ነው። የካቶሊክ ቄስ ነበሩ። በዕድራችን ውስጥ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ሌላውም አለ፤ ታሪኩ ግን ለሁላችንም ይሆናል ብለን አምነናል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

አባ ማክጊቭኒ የተወለዱት ኦገስት 12 ቀን 1852 በኮኔቲከት ግዛት፣ ዋተርበሪ በምትባል የፋብሪካ ከተማ ነው። አባታቸው ፓትሪክና እናታቸው ማሪ ከአየርላንድ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። በዚያ ዘመን የአየርላንድ ሕዝብ የድንች ሰብሉ በበሽታ ጠፍቶበት በረሃብ ካለቀው ያለቀው አልቆ፣ የቀረው በመርከብ እየተጫነ ወደ አሜሪካ ይጎርፍ ነበር። አባትየው በነሐስ ፋብሪካ ውስጥ ብረት ቀልጦ ቅርጽ በሚወጣበት ክፍል ይሠሩ ነበር። ሥራው ሙቀትና ጭስ የበዛበት፣ ሳንባ የሚበላ ሥራ ነው። ባልና ሚስቱ 13 ልጆች ወልደው 6ቱ በልጅነታቸው ሞቱባቸው። የበኩሩ ልጅ ማይክል ናቸው። እንግዲህ ለቅሶ ምን እንደሆነ ያወቁት ገና በጨቅላነታቸው በገዛ ቤታቸው ነው።

በትምህርታቸው ጎበዝ ቢሆኑም በ13 ዓመታቸው ትምህርት ቤቱን ጨርሰው ፋብሪካ ገቡ። የተመደቡትም ማንኪያ በሚሠራበት ክፍል ነበር። ቅስና ይመኙ ነበርና በ1868፣ በ16 ዓመታቸው፣ ወደ ካናዳ ተሻግረው በኬቤክ ግዛት ሴንት ያሳንት በሚባለው ኮሌጅ ተማሩ። ከዚያም በናያግራ አጠገብ ባለ የካህናት ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በሞንትሪያል ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ቤዝቦል የሚባለውን የአሜሪካኖች ጨዋታ ይጫወቱ ነበር ይባላል፤ ቁም ነገረኛ ቢሆኑም ጨዋታ የማይወዱ ሰው አልነበሩም።

በ1873 ግን አባታቸው ሞቱ። ማይክል ያኔ ገና ሃያ ዓመታቸው ነው። ትምህርቱን አቋርጠው ወደ ቤት ተመለሱ። እናት ብቻዋን ቀርታለች፣ ታናናሾቹ ገና አልደረሱም፣ ገቢ ያመጣ የነበረው ሰው የለም። የበኩር ልጅ መሆን በዚያን ቀን ምን ያህል እንደሚከብድ በኛም ቤት ያየ ያውቀዋል። የመማራቸው ነገር አበቃ ሲባል ግን የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ወጪያቸውን ችለው ወደ ባልቲሞር ላኳቸው። እዚያም ትምህርታቸውን ፈጽመው ዲሴምበር 22 ቀን 1877 በሊቀ ጳጳስ ጀምስ ጊበንስ እጅ ቅስና ተቀበሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በተወለዱባት ከተማ ሲቀድሱ እናታቸው ከምእመናን መካከል ነበሩ።

በ1878 መጀመሪያ በኒው ሄቨን ከተማ ወደምትገኘው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን በረዳት ቄስነት ተመደቡ። ቤተ ክርስቲያኗ በሀብታሞች ሰፈር የተሠራች፣ ዕዳ የተጫናት ነበረች፤ ዋናው አለቃም ታማሚ ስለነበሩ ሥራው ሁሉ በወጣቱ ቄስ ጫንቃ ላይ ወደቀ። የሰፈሩ ባለጸጎች የአይሪሽ ድኾች በየእሑዱ በደጃቸው ማለፋቸው ደስ አላሰኛቸውም፤ ነገሩ እስከ ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ድረስ ወጥቶ በ1879 ተጽፎበታል። ካቶሊክ መሆንና አይሪሽ መሆን በዚያን ጊዜ የሚያስንቅ ነበር። አባ ማክጊቭኒ ግን ሰዉን መሰብሰብ ያውቁበት ነበር። ወጣቶቹን ከመጠጥ የሚያርቅ ማኅበር አቋቋሙላቸው፤ ቲያትር እንዲሠሩ አደረጉ፤ ምእመናኑን ይዘው ወደ ሽርሽር ይወጡ ነበር።

ከዚሁ ሁሉ ጋር በየሳምንቱ የሚያዩት አንድ ነገር እንቅልፍ ነሣቸው። የፋብሪካ ሠራተኛ አባት ይሞታል። ካሳ የለ፣ ጡረታ የለ። ቀብሩ በዕዳ ይፈጸማል። ከሳምንት በኋላ የቤት ኪራይ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ይበተናል፤ ልጆች ወደ ማሳደጊያ ይወሰዳሉ፣ ወንድምና እኅት ይለያያሉ። በ1882 በኒው ሄቨን ፍርድ ቤት የታየው የዳውንስ ቤተሰብ ጉዳይ ለዚህ ምስክር ነው። አባት ሞቶ ልጆቹ የሚያሳድጋቸውና ዋስ የሚሆናቸው እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱ አዘዘ። ለአንደኛው ልጅ፣ ለአልፍሬድ፣ ሞግዚት እሆናለሁ ብለው የቀረቡት እኒሁ ቄስ ነበሩ። ይሁን እንጂ አንድ ቄስ የስንቱን ልጅ ሞግዚት መሆን ይችላል? ለአንድ ቤት የሚሆን ደግነት ለመቶ ቤት አይበቃም። ለመቶ ቤት የሚሆነው ማኅበር ነው።

ሌላም የሚያሳስባቸው ነገር ነበር። በዚያ ዘመን በአሜሪካ መረዳጃ ማኅበር ሞልቷል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ በምስጢር መሐላ የታሰሩ ስለነበሩ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለምእመናኗ ትከለክል ነበር። እንግዲህ ድኻው ካቶሊክ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ሃይማኖቱን ወይ የልጆቹን እንጀራ። አባ ማክጊቭኒ ይህን ምርጫ ከሰው ላይ ላንሣ ብለው ተነሡ።

ኦክቶበር 2 ቀን 1881 ጥቂት ወንዶችን በቤተ ክርስቲያኗ ምድር ቤት ሰበሰቡ። ወደ ቦስተንና ወደ ብሩክሊንም ሄደው እዚያ ያሉ የካቶሊክ መረዳጃ ማኅበራት እንዴት እንደሚሠሩ ጠየቁ። በ1882 መጀመሪያ የራሳቸውን ለማቋቋም ቆረጡ። ስሙ ላይ ክርክር ነበር። ቄሱ የኮሎምበስ ልጆች ይባል ሲሉ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ የዘመተው ጀምስ ሙለን ፈረሰኞች ቢባል ይሻላል አለ፤ በዚሁም ተስማሙ። ናይትስ ኦፍ ኮሎምበስ፣ በኛ አነጋገር የኮሎምበስ ፈረሰኞች ማለት ነው። ዛሬ ኮሎምበስ የሚወቀስበት ብዙ ነገር አለ፤ ያኔ ግን አሜሪካኖች ሁሉ የሚያከብሩት ካቶሊክ እሱ ስለነበር፣ እኛም የዚህች አገር ሰዎች ነን ለማለት መረጡት። ማርች 29 ቀን 1882 የኮኔቲከት ምክር ቤት ሕጋዊ ሰውነት ሰጣቸው። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሙለን ሆነ። አባ ማክጊቭኒ ግን ሊቀ መንበርነቱን አልፈለጉም፤ ጸሐፊ ሆነው ደብዳቤ ይጽፉ፣ መዝገብ ይይዙ ነበር። የማኅበሩ መሠረት ሁለት ቃላት ነበሩ፤ አንድነትና በጎ አድራጎት። ወንድማማችነትና አገር ወዳድነት የተጨመሩት በኋላ ነው።

አሠራሩን ለኛ ዕድርተኛ ማስረዳት አይቸግርም። አንድ አባል ሲሞት እያንዳንዱ አባል አንድ አንድ ዶላር ያዋጣል። አባላቱ አንድ ሺህ ሲሞሉ ለመበለቲቱ 1,000 ዶላር ይደርሳታል፤ አንድ ሺህ እስኪሞሉ ግን ያለው ሰው ያህል ይሰጣል። የታመመ አባልም ይረዳል። ታዲያ እዚህ ላይ አንድ ችግር ነበረ፤ የኛም ዕድር ሊያስብበት የሚገባ ነው። ሽማግሌውም ወጣቱም እኩል ሲከፍሉ ወጣቱ አይገባም፤ ወጣት ካልገባ አባላቱ ያረጃሉ፤ ሲያረጁ ሞት ይበዛል፤ ሞት ሲበዛ መዋጮው ይበዛል፤ መዋጮው ሲበዛ ሰው ይሸሻል። በዚህ መንገድ የፈረሱ ማኅበራት ጥቂት አይደሉም። የኮሎምበስ ፈረሰኞችም ከአባ ማክጊቭኒ ሞት በኋላ ክፍያውን በዕድሜ ደረጃ ለይተው፣ መጠባበቂያ ገንዘብም እያስቀመጡ ነው የቆሙት።

ጅምሩ ቀላል አልነበረም። ሰዉ ይጠራጠራል፤ አንዳንድ ካህናትም ነገሩን አልወደዱትም። በመጀመሪያው ዓመት ከኒው ሄቨን ውጭ አልወጣም። ቄሱ በየደብሩ ደብዳቤ መጻፍና መለመን አልተዉም። በ1883 በሜሪደን ከተማ ሁለተኛው ቅርንጫፍ ተከፈተ፤ ከዚያ በኋላ ከከተማ ወደ ከተማ ተዛመተ። በ1884 ጸሐፊነቱን ለምእመን አስረክበው የማኅበሩ ዋና ነፍስ አባት ብቻ ሆኑ። ማኅበሩ የምእመናን እንጂ የካህን ንብረት እንዳይሆን ማሰባቸው ከዚህ ይታወቃል።

በየወሩ የሚያደርጉት ስብሰባ ለኛ እንግዳ አይሆንብንም። ቅርንጫፉ በጸሎት ይከፈታል፤ ቃለ ጉባኤ ይነበባል፤ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን ያቀርባል። ቀጥሎ የታመመ ማን ነው፣ የተቸገረ ማን ነው ተብሎ በስም ይጠራል፤ ማን ሄዶ እንደሚጠይቅም ይወሰናል። በመጨረሻ ቄሱ ጥቂት ምክር ይሰጣሉ፤ ከዚያ ምግብና ጨዋታ ይከተላል። ከስብሰባው ውጭ ደግሞ ለደብሩ ሰው ቁርስ ያዘጋጃሉ፣ በጾም ጊዜ ዓሣ ጠብሰው እየሸጡ ገንዘብ ያሰባስባሉ፣ ለድኻ ልጆች የክረምት ካፖርት ያድላሉ፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች መርጃ ይለምናሉ። አባል ሲሞት በኅብረት ወጥተው ይቀብራሉ። ምግቡና ጨዋታው ትርፍ ነገር አይደለም። ሰው አብሮ የበላውን ሰው ሲታመም አይረሳውም፤ የማያውቀውን ግን በመዝገብ ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

የአባ ማክጊቭኒን ጠባይ የሚያሳይ አንድ ነገር እንጨምር። ቺፕ ስሚዝ የሚባል ወጣት በስካር መንፈስ የፖሊስ ሹም ገድሎ ሞት ተፈረደበት። ቄሱ እስር ቤት እየተመላለሱ አስተማሩት፣ አጽናኑት፤ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1882 ሲሰቀልም እስከ መጨረሻው አልተለዩትም። ማኅበራቸው ገና ሊቆም ሲንገዳገድ፣ ለማኅበሩ ምንም ለማይጠቅም አንድ የተጠላ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ሰጡ። ሰው በሞት ፊት ብቻውን መቆም የለበትም የሚለው እምነታቸው ለደጉም ለበደለኛውም አንድ ነበር።

በ1884 መጨረሻ ቶማስተን ወደምትባል ትንሽ የፋብሪካ ከተማ በአለቅነት ተዛወሩ። ሥራ ያደከመው ሰውነታቸው ግን ብዙ አልቆየም። በሳንባ ምች ታመው ኦገስት 14 ቀን 1890 ዐረፉ። 38 ዓመት ከሞላቸው ገና ሁለት ቀን ነበር። ሲሞቱ ማኅበሩ 57 ቅርንጫፍና ወደ 6,000 የሚጠጋ አባል ነበረው። በዋተርበሪ ከቤተሰባቸው ጋር ተቀበሩ። ቄስ የሆኑት ሁለቱ ወንድሞቻቸው ፓትሪክና ጆን ከ1901 እስከ 1939 ድረስ ተራ በተራ የማኅበሩ ነፍስ አባት ሆነው አገልግለዋል። ማኅበሩ መቶ ዓመት ሲሞላው፣ በ1982፣ አፅማቸው ወደ ኒው ሄቨኗ ቅድስት ማርያም ተዛወረ። ኦክቶበር 31 ቀን 2020 ደግሞ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሃርትፎርድ ከተማ ብፁዕ ብላ ሰየመቻቸው። ዛሬ የማኅበሩ አባላት በብዙ አገሮች ከሁለት ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ የሕይወት ዋስትናውም ከ100 ቢሊዮን ዶላር ያልፋል። በምድር ቤት በጥቂት ሰዎች የተጀመረ ነገር ነው።

እንግዲህ ውድ አባላት፣ ከዚህ ታሪክ ለኛ የሚተርፈው ምንድን ነው? ቀብሩን እኛ እናውቅበታለን። ድንኳናችን አለ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ አለ፣ ጥሪውም አይዘገይም። ነገር ግን ሠልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሲነቀል እኛም አብረን እንነቀላለን። አባ ማክጊቭኒ የተጨነቁት ከዚያ በኋላ ስላለው ቀን ነው። የቤት ኪራዩ ሲደርስ፣ የትምህርት ቤት ደብተር ሲጠየቅ፣ እናት ብቻዋን ስትቆም በሩን የሚያንኳኳ ማን ነው? በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ነገር እንድንነጋገርበት እናሳስባለን፤ ከወርኃዊው መዋጮ ጥቂት ተቀንሶ ለሙት ልጆች የሚሆን መጠባበቂያ ይቀመጥ፤ ሟች በወጣበት ቤት በአርባው፣ በስድስት ወሩና በዓመቱ እየሄዱ የሚጠይቁ ሁለት ሁለት ሰዎች ይመደቡ፤ ወጣቶችም ዕድር የሽማግሌ ነው ብለው እንዳይሸሹ በኮሚቴው ውስጥ ቦታ ይሰጣቸው። ገንዘቡ ትንሽ ነው የሚል ካለ፣ የነዚያም መዋጮ አንድ ዶላር ነበር።

ያለፉትን ነፍሳቸውን ይማር፤ የቀሩትን ያጽናልን። ለከርሞ በጤና ያገናኘን።