ከሞቱ አሟሟቱ፦ የእማሆይ ቴሬዛ ሕይወትና የእኛ እድር



ከሞቱ አሟሟቱ ይላሉ አባቶቻችን። እኛ የቢዮ አዋሌ ሰዎች፣ እድርም እንበለው አፎሻ፣ ሞት ሲመጣ በመድረስ አንታማም። መርዶው ከተሰማ ማንም እቤቱ አይቀርም። ወንዱ መቃብር ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፤ ሴቶቹ ውሃውንና እንጨቱን ተሸክመው ይደርሳሉ፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ከሞቱ በፊት ስላለው ጊዜ ብንጠየቅ ግን መልሳችን አጭር ነው። ከቀበርናቸው ጎረቤቶቻችን አንዱ፣ ከእንግዲህ እቤቱ ይታመም ተብሎ ከሆስፒታል ከተመለሰ በኋላ ብዙ ወራት ተኝቷል። ሚስቱ ብቻዋን ስታገላብጠው፣ ስታጥበው፣ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ስታነጋ፣ እኛ በደጇ እናልፍ ነበር። እኔም አልፌአለሁ። በሞተ ዕለት ግን ድንኳኑን ከተከሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳኝ ይኸው ነው።

ስለዚህም ሞትን ሳይሆን ሟችን በመቅረብ በዓለም የታወቁትን የእማሆይ ቴሬዛን፣ ብዙዎቻችን ማዘር ቴሬዛ የምንላቸውን፣ ሕይወት ባጭሩ አቀርባለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ።

እማሆይ ቴሬዛ የተወለዱት በ1910 ዓ.ም. ስኮፕዬ በምትባል ከተማ፣ ከአልባኒያውያን ወላጆች ነው። ከተማዋ ያን ጊዜ በቱርክ ግዛት ሥር ነበረች። የልጅነት ስማቸው አግነስ ነበር። አባታቸው በ1919 ድንገት ሲሞቱ አግነስ ገና ዘጠኝ ዓመት አልሞላትም። እናታቸው ድራና ሦስት ልጆች ይዘው ቀሩ። እኚህ ባልቴት በመርፌ ሥራና በጨርቅ ንግድ ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ፣ ከማዕዳቸው ድሃ አይጠፋም ነበር ይባላል። ከዚህም በላይ፣ ሰው የሸሻቸውን በሽተኞች እየሄዱ ቁስላቸውን ያጥቡ ነበር። ትንሿም ልጅ አብራ ትሄዳለች። ልብ በሉ፤ በኋላ ዓለም ያደነቀው ሥራ የተጀመረው በትልቅ ድርጅት አይደለም። አንዲት ጎረቤት ሌላዋን ጎረቤት ስታስታምም፣ ልጅ አጠገቧ ቆማ ስታይ ነው የተጀመረው።

አግነስ በ18 ዓመቷ፣ በ1928፣ መነኩሴ ልትሆን እናቷን ተሰናብታ ወደ አየርላንድ ሄደች። ከዚያም በ1929 መጀመሪያ ሕንድ አገር ካልካታ ገባች። ከዚያ ስንብት በኋላ እናትና ልጅ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ይህን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

በካልካታ ቴሬዛ ተብለው ለብዙ ዓመታት በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ በ1944 ርእሰ መምህርት ሆኑ። ግቢው በአጥር የተከበበ፣ ጸጥ ያለ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ግን በ1943 የቤንጋል ረሀብ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ በ1946 ደግሞ በሂንዱና በእስላም መካከል በተነሣው ሁከት የሰው ደም በየመንገዱ ፈሰሰ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር፣ በባቡር ሲጓዙ፣ ከአጥሩ ወጥተው ከድሆች ጋር እንዲኖሩ ልባቸው ቆረጠ። ፈቃዱ ግን ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። በ1948 የቀድሞ ልብሳቸውን ትተው፣ የሕንድ ድሃ ሴት የምትለብሰውን ዓይነት ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጭ ሳሪ ለበሱ። እንዲያው በባዶ እጅ ግን አልወጡም፤ በመጀመሪያ ፓትና በምትባል ከተማ ለጥቂት ወራት የሕክምና ዕርዳታ ተማሩ። በ1950 የመሠረቱት ማኅበር ሲፈቀድ አባላቱ ከደርዘን ብዙም አይበልጡም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በዚያን ጊዜ በካልካታ ሆስፒታሎች ሞልተው፣ የማይድን በሽተኛ መንገድ ላይ ወድቆ ይሞት ነበር። እማሆይ ቴሬዛ የከተማውን ሹማምንት ለምነው፣ በ1952 በካሊ ቤተ መቅደስ አጠገብ የሚገኝ የመንገደኞች ማረፊያ የነበረ ቤት ተሰጣቸው። ወለሉ ላይ ዝቅተኛ አልጋዎች ደረደሩ፤ ከየመንገዱ እያነሡም አስገቡ። ሥራው ምን ነበር ቢሉ፣ ማጠብ፣ ጸጉርና ጥፍር መቁረጥ፣ ቁስል መጥረግ፣ ሾርባ በማንኪያ ማጉረስ፣ እጅ ይዞ መቀመጥ። ይህን ለመሥራት ዶክተር መሆን አያስፈልግም። በእርግጥም ከመነኮሳቱ ሌላ ብዙ ተራ ሰዎች፣ የቤት እመቤቶችና ወጣቶች፣ ያለ ደሞዝ እየመጡ ይረዱ ነበር። እነዚህ ረዳቶች በዝተው በ1969 ራሱን የቻለ ዓለም አቀፍ ማኅበር ሆነዋል።

በመጀመሪያ የሰፈሩ ሰው ተቃውሞ ነበር። ሃይማኖታችንን ሊያስለውጡ ነው ብለው ድንጋይ የወረወሩም አልጠፉም ይባላል። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች እንደሚያወሱት፣ ከቤተ መቅደሱ ካህናት አንዱ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ማን ያስጠጋው ሲባል፣ የተቀበለው ይኸው ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ ተቃውሞው በረደ። የሚሞተውም እንደየእምነቱ ይሸኝ ነበር። ለእስላሙ ቁርዓን ይነበብለታል፣ ለሂንዱው የጋንጀስ ውሃ ይቀርብለታል፣ ክርስቲያኑም እንደ ሥርዓቱ ይጸለይለታል። እስላምና ክርስቲያን በአንድ ምንጭ ለምንቀዳ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ጉድለትም ነበረው። በ1994 አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ቤቱን ጎብኝቶ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ እንደጻፈው፣ ፍቅሩና ንጽሕናው የሚመሰገን ሆኖ፣ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ አልነበረም፤ ሊድን የሚችለውን ከማይድነው በሚገባ ለይቶ ማወቅም ጎድሏል። ይህ ወቀሳ ዋዛ አይደለም። እጅ መያዝ ብቻውን የካንሰር ሕመም አያስታግስምና። ይህን በኩል ያሟሉት ሌላ ሴት ናቸው። ሲስሊ ሳንደርስ የተባሉ፣ አስቀድመው ነርስ በኋላም ሐኪም የሆኑ እንግሊዛዊት፣ በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈር የተባለውን ሆስፒስ ከፈቱ። ያስተማሩትም፣ የሕመም መድኃኒት በሽተኛው እስኪጮህ ሳይጠበቅ በሰዓቱ ይሰጥ፤ ሕመም የአካል ብቻ ሳይሆን የልብም፣ የኑሮም ነው፤ ከሞት በኋላም ቤተሰቡ አይረሳ የሚል ነው። እንግዲህ የአንዷን ፍቅርና የሌላዋን መድኃኒት አንድ ላይ መያዝ ይገባል።

እማሆይ ቴሬዛ አገራችንንም ያውቋታል። በ1973 አዲስ አበባ መጥተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ አገኙና ሥራቸውን ጀመሩ። በ1974 መንግሥት ሲለወጥ መነኮሳቱ አልወጡም። በ1984 እና በ1985 ድርቅ ጊዜም እሳቸው ራሳቸው ተመልሰው መጥተዋል። ዛሬ ስድስት ኪሎ ያለውን ቤታቸውን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። በእኛው በድሬዳዋ ከተማም ቤት አላቸው።

እድርም ቢሆን ከዚህ ሥራ ባዳ አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኤድስ ብዙ ወጣት በሚቀጥፍበት ዘመን፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንዳንድ እድሮች ቀብር ብቻ እየቆጠርን እስከ መቼ ብለው፣ ከአባሎቻቸው መካከል በጎ ፈቃደኞችን መርጠው አሠለጠኑ። እነዚህም ቤት ለቤት እየዞሩ በሽተኛ ያጥቡ፣ ይመግቡ ነበር። ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለውም ድርጅት በ2003 ተቋቁሞ፣ በነርሶች አማካይነት የማይድኑ በሽተኞችን በየቤታቸው ሲረዳ ቆይቷል።

በ1979 እማሆይ ቴሬዛ የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጣቸው፣ ለክብራቸው የተዘጋጀው የእራት ግብዣ ቀርቶ ገንዘቡ ለድሆች እንዲውል ጠየቁ፤ እንዳሉትም ሆነ። ሆኖም በዚህ ሁሉ ክብር ውስጥ ያልሻረ ሐዘን ነበራቸው። እናታቸው ድራና በስተርጅና አልባኒያ ዋና ከተማ ቲራና ይኖሩ ነበር። የዚያ አገር መንግሥት ድንበሩን ዘግቶ፣ እናት እንዳትወጣ ልጅም እንዳትገባ ከለከለ። ትላልቅ ሰዎች ቢያማልዱም አልሆነም። እናት በ1972 ልጃቸውን ሳያዩ ዓረፉ። በሺህ የሚቆጠሩ የማያውቋቸውን ሰዎች ያስታመሙት ሴት የገዛ እናታቸውን ማስታመም ቀርቶ አፈር እንኳ አላለበሱም። በ1989 በሩ ሲከፈትላቸው፣ የደረሱት ከእናታቸው መቃብር ላይ ነው። መቀበር ላይ ሳይደርስ የቀረ ሰው ሐዘኑ እንዴት እንደሚከብድ እናንተ ታውቁታላችሁ።

እማሆይ ቴሬዛ በመስከረም 5 ቀን 1997፣ በ87 ዓመታቸው፣ ካልካታ በገዛ ቤታቸው፣ በእህቶቻቸው መካከል ዓረፉ። ማኅበራቸው በዚያን ጊዜ 4,000 ያህል መነኮሳት ነበሩት፤ በ123 አገሮችም ይሠራ ነበር። የሕንድ መንግሥት በክብር ቀበራቸው፤ በ2016 ቤተ ክርስቲያናቸው ቅድስት ብላ ሰየመቻቸው።

ታዲያ ለእኛ ምን ይተርፈናል? እኔ እንደሚመስለኝ ትልቅ ቤት መሥራት አይጠበቅብንም። ከእድራችን ገንዘብም ብዙ አይነካም። አንደኛ፣ በሽተኛ ተኝቶ በከረመበት ቤት ሁለት ሁለት ሰው ተራ ገብቶ ይጎብኝ። የመኝታ ቁስል እንዳይወጣበት በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ገላውን ማጠብ፣ አፉን ማርጠብ፣ ይህን ሁላችንም እንችላለን። ሁለተኛ፣ አስታማሚዋ ቢያንስ በሳምንት አንድ ሌሊት ትተኛ፤ ሌላ ሰው ይተካላት። ሦስተኛ፣ ሕመም የጸናበት ሰው ሲኖር ዝም ብለን አንይ፤ ለጤና ባለሙያ እንንገር፣ ማስታገሻ ይጠየቅለት። አራተኛ፣ ድንኳኑ ሲነሣ ነገሩ አለቀ አንበል። ሐዘን የሚብሰው ሰው ከተበተነ በኋላ ነውና፣ ከአርባ ቀንም በኋላ ከዓመቱም በኋላ ደጁን እናንኳኳ።

ቀደም ብዬ ያነሣኋት የጎረቤታችን ባለቤት ዛሬም በመካከላችን አለች። እኔም ዘግይቼ ቢሆን ደጇን ማንኳኳት ጀምሬአለሁ። የመጀመሪያው ቀን ከብዶኝ ነበር፤ እሷ ግን ቡና አፈላችና ስለ ባልዋ እስኪመሽ አወራችኝ። ሰሚ ብቻ ነበር ያጣችው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ይህን ሐሳብ በአጀንዳ እንድንይዘው እየጠየቅሁ፣ በዚሁ አበቃለሁ።

ቸር ያሰንብተን።