አሌክሳንደር ፑሽኪንና የአንድ ዐመፅ ሁለት መጻሕፍት

ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ያለፈውን ዘመን መመርመር ለምን ያስፈልገዋል? ሥራው ፈጠራ ከሆነ እንደ ልቡ ቢፈጥር ምን ይከለክለዋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የምትሹ ከሆነ የሩሲያዊውን ደራሲ የአሌክሳንደር ሰርጌየቪች ፑሽኪንን ሕይወት ተመልከቱ። ፑሽኪን ይበልጥ የታወቀው በግጥሙ ቢሆንም፣ አንድን ዐመፅ መጀመሪያ እንደ ታሪክ ጸሐፊ፣ ቀጥሎም እንደ ልብ ወለድ ደራሲ ጽፎታልና የሁለቱን ልዩነትና ዝምድና ከእርሱ ሥራ መማር ይቻላል።

ፑሽኪን በ1799 ዓ.ም. ከመኳንንት ወገን በሞስኮ ከተማ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የእናቱ አያት አብራም ጋኒባል በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ፣ በቁስጥንጥንያ በኩል ወደ ታላቁ ጴጥሮስ ቤተ መንግሥት የገባና በኋላም እስከ ጄኔራልነት የደረሰ ሰው ነበር። የጋኒባል ትውልድ ከኢትዮጵያ ምድር እንደሆነ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል፤ ከዛሬዋ ካሜሩን ሰሜናዊ ክፍል ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። ፑሽኪን በ1827 ዓ.ም. የዚህን ቅድመ አያቱን ሕይወት በልብ ወለድ መልክ መጻፍ ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ጥቂት ምዕራፎች ከጻፈ በኋላ ሳይፈጽመው ተወው።

ወጣቱ ባለቅኔ በግጥሞቹ ምክንያት በ1820 ዓ.ም. ከዋና ከተማው ከፒተርስበርግ ወደ ደቡብ ተላከ፤ ከ1824 እስከ 1826 ዓ.ም. ደግሞ በወላጆቹ ርስት በሚካይሎቭስኮየ በግዞት ተቀመጠ። በዚያ ብቸኝነት ሳለ ሞግዚቱ አሪና ሮድዮኖቭና የምትነግረውን ተረት ማታ ማታ ያዳምጥ፣ ከገበሬዎችም አነጋገር ይማር ነበር። በ1826 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኒኮላስ አስጠርቶ ከግዞት ፈታው፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ ጽሑፉን የሚመረምረው ንጉሡ ራሱ እንደሚሆን አስታወቀው። ነጻ ወጣ የተባለው ደራሲ በእውነቱ ከበፊቱ በባሰ ዐይን ሥር ወደቀ።

ይህ ሁሉ ሳለ ፑሽኪን እጅግ አስጊ የሆነ ርእስ መረጠ። ከ1773 እስከ 1775 ዓ.ም. የልያን ፑጋቾቭ የተባለ ኮሳክ፣ በ1762 ዓ.ም. የሞተው ጴጥሮስ ሣልሳዊ እኔ ነኝ ብሎ ተነሥቶ፣ ከመሬት ጋር እየተሸጡ የሚኖሩትን ገባሮች በጌቶቻቸው ላይ አስነሥቶ ነበር። ዐመፁ ከተደመሰሰ በኋላ ንግሥት ካትሪን ነገሩ ሁሉ ተረስቶ እንዲቀር አዘዘች። ስለዚህም ፑሽኪን በ1833 ዓ.ም. መጀመሪያ ከጦር ሚኒስቴር መዝገብ ቤት ሰነድ ሲጠይቅ የፑጋቾቭን ስም በግልጥ አላነሣም፤ የታዋቂውን የጦር አለቃ የሱቮሮቭን ታሪክ ልጽፍ ነው በማለት የዐመፁን ሰነዶች በእጁ አስገባ።

ነገር ግን ወረቀቱ ብቻ አላጠገበውም። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ተነሥቶ ወደ ካዛን፣ ወደ ሲምቢርስክና ወደ ኦሬንቡርግ ተጓዘ። በኦሬንቡርግ አቅራቢያ፣ ፑጋቾቭ ሰፍሮባት በነበረችው በቤርዳ መንደር፣ ዐመፁን በዐይኗ ያየች አንዲት አሮጊት አገኘ። ስልሳ ዓመት ያለፈውን ነገር ስታወጋለትና የዘመኑን ዘፈን ስትዘፍንለት አረፈደ፤ ሲለያዩም የወርቅ ገንዘብ ሰጣት። የመንደሩ ሰዎች ግን ፈሩ። ጥፍሩን ያሳደገ እንግዳ ሰው ስለ ወንበዴ ጠይቆ ወርቅ መስጠቱ ሐሳዊ መሲሕ ቢሆን ነው ብለው ጠረጠሩ፤ ገንዘቡንም ይዘው ወደ ሹማምንቱ አመለከቱ። እነሆ፣ ከሕዝቡ አፍ ታሪክ የሚለቅም ደራሲ በላይ ንጉሡ፣ በታች ሕዝቡ የሚጠራጠረው ሰው ሆነ።

ከዚህ በኋላ ወደ ቦልዲኖ ርስቱ ሄዶ በዚያው መከር የዐመፁን ታሪክ ጽፎ ጨረሰ። ንጉሠ ነገሥቱም ረቂቁን አንብቦ የመጽሐፉን ርእስ አስለወጠ፤ ለማሳተሚያም 20,000 ሩብል ከመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲበደር ፈቀደ። መጽሐፉ በ1834 ዓ.ም. መጨረሻ በ3,000 ቅጂ ታተመ፤ ሆኖም እንደታሰበው አልተሸጠም።

ሁለተኛው መጽሐፍ፣ የሻምበሉ ልጅ የተባለው ልብ ወለድ፣ ፑሽኪን ራሱ ባቋቋመው መጽሔት በ1836 ዓ.ም. ወጣ። በዚህ መጽሐፍ አንድ ወጣት መኮንን በበረዶ ውሽንፍር መንገድ ጠፍቶበት ሳለ ለመራው መንገደኛ ከጥንቸል ቆዳ የተሰፋ ካፖርት ይሰጠዋል። መንገደኛው ፑጋቾቭ ነው፤ በኋላም ምሽጉን ይዞ መኮንኖቹን ሲሰቅል ያን ውለታ አስታውሶ የወጣቱን ነፍስ ያተርፋል። የወጣቱ ሽማግሌ አሽከር ግን በዚያ ሁሉ ሞት መካከል ቆሞ፣ የተዘረፈውን ልብስና ዕቃ ቆጥሮ፣ ካፖርቱንም ጨምሮ ዋጋውን ይጠይቃል። ፑሽኪን ከመዝገብ ቤት ከገለበጣቸው ወረቀቶች መካከል አንድ ባለሥልጣን በዐመፁ የጠፋበትን ንብረት የዘረዘረበት ጽሑፍ ይገኝ ነበር።

እንግዲህ አስተውሉ። የታሪክ መጽሐፉ ስንት ምሽግ እንደተያዘ፣ ማን በማን ላይ እንደዘመተ ይነግረናል። ልብ ወለዱ ደግሞ በዚያው ዘመን የኖረ ሰው ምን እንደለበሰ፣ ስለ ምን እንደተከራከረና ጠላቱን እንዴት እንደማረ ያሳየናል። በታሪኩ ውስጥ ዐመፀኛ ብቻ የነበረው ፑጋቾቭ በልብ ወለዱ ውለታ የሚያውቅ ሰው ሆኖ ይታያል፤ ይህንንም በሳንሱር ፊት ለማሳለፍ አንድ ተራ ካፖርት በቃ።

የደራሲው የራሱ ኑሮ ግን አልቀናም። በ1831 ዓ.ም. ናታልያ ጎንቻሮቫን አግብቶ አራት ልጆች ወለደ፤ የቤተ መንግሥት ግብዣና ወጪ ጊዜውን በላው፤ በ1834 ዓ.ም. ከሥራ ተሰናብቶ ወደ ገጠር ለመሄድ ያቀረበው ልመናም ንጉሡን ስላስቆጣ መልሶ ሳበው። በ1837 ዓ.ም. ስለ ሚስቱ ክብር ከዦርዥ ዳንቴስ ጋር በሽጉጥ ተጋጥሞ ቆሰለ፤ ከሁለት ቀን በኋላም በ37 ዓመቱ ሞተ። ከ100,000 ሩብል በላይ የሆነው ዕዳው በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ተከፈለ።

እናንተም ያለፈ ዘመን ታሪክ ለመጻፍ ብዕር ስታነሡ የጦርነቱን ቀን መዝግባችሁ አትቁሙ። በዕድሜ የገፉትን ጠይቁ፤ የዚያን ዘመን ሰው ምን ይበላ፣ ምን ይለብስ፣ በምን ይጣላ እንደነበረ መርምሩ፤ ፈጠራችሁንም ከዚያ ጀምሩ።